ጨው የማይወድ ብር

ቱቱክዲ ዳርቻ፣ ባሕር በሚደርቅበት፣
ማዳሳሚ ቆሟል፣ ነጩን ሊዝቅበት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እግሩ በጨው ተቀቅሎ፣
ከላይ ፀሐይ ወርዶ፣ ከታች ፀሐይ በቅሎ።

ልጁ ካያልቪሊ ኮሌጅ የገባችው
በብር አልቦ ነው፣ እናቷ ከእግሯ ፈትታ ባስያዘችው።

አሁን እሷም ብር ትሠራለች።
ከጓሮ ሽፈራው ቅጠል ሸምጥጣ፣
አጥባ፣ ቀቅላ፣ ጭማቂውን በወረቀት አጥልላ አውጥታ፣
ከብር ናይትሬት ላይ ጠብ፣ ጠብ አድርጋ፣
ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ይጠይም ይሆን ሲነጋ?

አልጠየመም። ደፈረሰ፤
ነጭ ሆኖ፣ አሬራ መስሎ፣ በብልቃጡ ሥር ነገሠ።

«በምን አጠብሽው?» አሉ መምህርት ጀባማኒ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው።
«በተጣራ ውሃ።» «ብልቃጡንስ?» «እሱንም እንዲያው።»
«እንግዲያስ ጨው ነው» አሉ፤ «ብር ጨው ያየ ለት
ነጭ ለብሶ ይተኛል፤ አያነቃውም ምንም ብልሃት።»

ጥፍሯን አየች፤ ንጹሕ።
ማንኪያውን፣ ማጥለያውን አየች፤ ንጹሕ።
ታዲያ ከየት?

ማታ ከሽፈራው ሥር ቆማ አንዲት ቅጠል ላሰች፤
ብቻዋን ሳቀች።
የባሕሩ ነፋስ፣ የአባቷን ማሳ ሲያስስ ውሎ፣
ከጓሯቸው ያርፋል ለካ፣ በየቅጠሉ ጥቂት ጥቂት ጥሎ!

ሰባቴ አጠበችው፤
እሳቱን ቀንሳ፣ ቀቅላ፣ አቀዘቀዘችው።
ጠብ።
ሩብ ሰዓት ምንም።
ከዚያ የገለባ ቀለም፣ ከዚያ የማር፣
ከዚያ ዝናብ የጠጣ አፈር።

መብራት ጠፋ። በስልኳ አበራች፤ ጠይሙ አለ፣ አልሄደም።
እንባዋ ሲመጣ ሮጣ ወጣች፤ እንባም ጨው ነው፣ አይታመንም።

«አባ፣ ብር ሠራሁ!» አለችው ከደጅ።
«ስንት?» አለ፣ ቁምጣውን እየሰበሰበ፤ «አልቦውን ያወጣል?»
«በዓይን አይታይም፤ ከጠጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያንሳል።»
ማዳሳሚ ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ።
«እንዲህ ያለውንማ እኔም ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በዓይኔ ሳላየው አለቀ።»

«ለቁስል ይሆናል ይላሉ፤ ገና ነው፣ አልተፈተነም።»
«ለእኔ እግርስ?»
አየችው። በየስንጥቁ ነጭ። መልስ አልነበራትም።

ናይትሬቱ የነካቸው ጣቶቿ ጠቁረዋል፤
ባልዲውን ሳበች፣ እግሩን ያዘች። «ስንቴ ልታጥቢው ነው?» አላት።
«ሰባቴ ያሻዋል።»