ዘንበል

ሃያ ሁለት ዓመት በጉልበቴ ዳኽሁ፣
የስንቱን ሰው ሳሎን በሴራሚክ ሞላሁ፤
የውሃ ልኬ አረፋ መሐል ካልቆመ በቀር
አንዲት ፍሬ እንኳ ለጥፌ አላውቅም ነበር።

እና ይቺ ሴትዮ መጥታ «ዘንበል» ትላለች!
ኮዬ ፈጬ ዳር፣ ከመቃኞው ደጅ ቆማለች፤
ጫማዋ ጭቃ ነው፣ መነጽሯ በክር ታስሯል፣
ያመጣችው ጆንያ በስብርባሪ ተወጥሯል።
ቁልፍ የተረከበ ሁሉ በማግስቱ
ያለውን ይነቅላል፣ ሌላ ሊያነጥፍ ለቤቱ፤
እሷ ከየብሎኩ ጀርባ ስትለቅም ዋለች፤
ሰማያዊውን ለወንዝ፣ ነጩን ለሆድ አለች።

ዘርፈሽዋል ትባላለች። ሙዚየም ተቀጥራ ኖረች፣
የተሰበረ ገል ስታጣብቅ አረጀች።
የሰበካው ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣
«ሥዕል በገል?» ብሎ፣ ተሟግቶ፣ አስቦ፣
በመጨረሻ የደጀ ሰላሙን ቅስት ሰጣት፣
ሌላ ግድግዳ ላይ እንዳትደርስ አስማላት።

ሥዕሉ ሁለት ዋላ ነው፤ ከአራት ወንዝ ይጠጣሉ፤
ፊሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስ፣ ኤፍራጥስ ይባላሉ።
እርሳስ በጆሮዬ፣ ጥያቄ በአፌ፣
ስሰማት አመሸሁ። እንዲህ አለች ዘርፌ፦

«ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በሮም አገር ዳርቻ፣
ጠጠር ደርዳሪዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ይኸው ብቻ፤
እያንዳንዷን ፍሬ በአውራ ጣት ገፋ ያደርጋሉ፣
አንዷን ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ ዘንበል ያስብላሉ፤
ጧፍ ሲበራ ታዲያ ግድግዳው ይተነፍሳል።
ልሙጥ አንዴ ያበራል። ዘንበል ያለ ይመላለሳል።»

ስለ ዝሆንም ነገረችኝ። ጥርሱ ከኛ ነው የሄደ፣
በአዱሊስ ወደብ፣ በመርከብ፣ እየተጫነ ወረደ፤
እዚያ ጠራቢው ተቀብሎ እንደ ቅቤ አለሰለሰው፣
የጳጳስ ወንበር ሠራበት፣ የወንጌሉን ገበታ አለበሰው።
«የኛ ድርሻ?» አልኳት።
«ጥርሱን ማውጣት» አለች።
ዝም ብላ ቆየች። አንድ ነጭ ገል አነሣች፤
ጀርባው ላይ የቻይና ጽሑፍ አለው። በጣቷ ጠረገችው።
«ይሄ ደግሞ ሙሉ ሆኖ መጣ።
የሰበርነው እኛ ነን።»

ወርቅ ደግሞ ያስፈልጋል፣ ከዋላዎቹ በላይ ላለው፤
ማን ይገዛል? የከረሜላ ልጣጭ ነው ያገኘነው፤
ናሆም፣ የዘበኛው ልጅ፣ በኪሱ ሞልቶ አመጣ፤
ከመስኮት ስባሪ በታች ስንለጥፈው ፀሐይ ወጣ።

ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ዘንበል ያደረግኳትን
አውራ ጣቴ ዞሮ ያቃናል፣ ሳያውቀው፣ እያንዳንዷን።
የውሃ ልኬን ቀማችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።
«ቀጥ ያለ ሲያምርህ መታጠቢያ ቤት ሥራ» አለች።

ሐሙስ ማታ። መብራት የለም። ውሃም ዘጠኝ ቀን ሆነው።
ከደጁ እስከ አስፋልቱ የጀሪካን ሰልፍ ነው።
እኔ መሰላሉ ላይ የመጨረሻውን ሲሚንቶ ስጠርግ
ቦቴው ዳገቱን ወጣ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲያረገርግ፤
መብራቱ ቅስቱን ገረፈው። ወንዙ ሄደ።
ግዮን ሄደ።
የዋላው አንገት ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ወረደ።
ማንም አልተናገረም። ናሆም፣ ጀሪካኑ ላይ ተሰብስቦ፣
«ጠጣ» አለ፣ የእናቱን ነጠላ ስቦ።

ከዚያ ሰዉ ወደ ጎማው ተሻማ።
ዘርፈሽዋልም ተሰልፋ ነበር፤ አሥራ ሰባተኛ።

ከሆዱ ሥር አንዲት ነጭ ቀጥ ብላ ቀርታለች፤
የኔ ናት። ዘርፌ እስከ ዛሬ አላየቻትም፤
ወይ አይታ ዝም ብላለች።