እየፈለገ ነው

ኤድመንተን፣ ጎማ ቤት፣ ከባንኮኒው ማዶ፣
አንድ ኮምፒውተር አለን አቧራውን ለምዶ፤
ማራገቢያው ሲዞር ሳል እንዳፈነው ሰው፣
ግንባሩ ላይ «ቱርቦ»፣ ነገሩ ሌላ ነው።
የጎማ ቁጥር ጽፌ ቁልፏን ስነካት
አንዲት ሰማያዊ ቀለበት ትወጣለች፤ ትዞራለች፤ ቆሜ ልጠብቃት።
ከደንበኛው ጫማ የቀለጠው በረዶ
ምንጣፉን አርሶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ እስከ ባትሪው መደርደሪያ ወርዶ፣
እሷ ገና ትዞራለች።
ትዞራለች።

ማክሰኞ ማታ «ዛሬስ አበዛሽው!» አልኳት፤
ሱቁን ቆልፌ፣ እጄን ከግራሶ ታጥቤ፣ ወንበር ስቤ ገጠምኳት።
መቶ አርባ ሦስት ገጽ ተከፍቷል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጨፍልቆ፣
ርእሱ ጠፍቶ ምልክቱ ብቻ እንደ ወተት ጥርስ ተጣብቆ።
ምንተስኖት ያምናውን የበረዶ ትንበያ እንኳ አልዘጋም፣
የሸጠው መኪና ማስታወቂያ አለ፣ የፍሬን ሸራ ዋጋም፤
«ይፈለግ ይሆናል» ይላል ስንጠይቀው።
ማታ ነው፤ እሱ የለም፤ ማን ሊጠብቀው?
ከላይ ሦስት መደዳ ማንም ያልጋበዘው መፈለጊያ፣
የኩፖን መልቀሚያ፣ ጠቋሚውን ድመት ማስመሰያ፤
አንድ ባንድ ነቀልኩ፣ ቅጥያውን አጠፋሁ፣
ማስታወቂያ አጋጁን ብቻ አስቀርቼ የዓመታት ጥርቅሙን ጠርጌ ደፋሁ፤
ቪዲዮ ሳይጠየቅ እንዳይጮህ አፉን ለጎምኩት፣
ሲከፈት ባዶ ገጽ እንዲሆን፣ ነጭ፣ ያልተረገጠ በረዶ አስመሰልኩት፤
ፊደሉን አጎላሁ ለምንተስኖት ዓይን፣
ጥግ ላይ አራት ቁልፍ፦ ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይት፣ ፍሬን።
ከዚያ ሞከርኩት። ጣቴን ሰደድ አርጌ ነካሁ፤
ቀለበቷ ብቅ ልትል ገጹ ቀድሟት ዱብ! ሳቄ አመለጠኝ፣ እጄን መታሁ፤
ከጎማው ክምር በቀር የሰማኝ የለም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፣
የኦረስት ፒክአፕ እያነከሰች መጣች።
ኦረስት የስንዴ ገበሬ ነው፣ ከቬግረቪል ወዲያ፣
እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ መኪናዋ ግን አልወጣችም፤ ወሬውም እንዲያ።
በዓመት ሁለቴ ይመጣል ጎማ ሊያስቀይር፤
ቀለበቷ ስትዞር ነው እሱም ታሪኩን የሚጀምር።
በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ጥሎ፣
ከወንድሙ ጋር በአንድ ማጨጃ ሰበብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መኳረፋቸውን፣ የቱ እንደ በደለ፣ ማን ምን ብሎ።
በሚያዝያ የነገረኝ በሩን እስከ ማንኳኳቱ ነበር፤
ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ያኔ ገጹ ተከፈተ፤ ገባን ወደ ዋጋ መነጋገር።

ዛሬ ጓንቱን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገና
«እና ያን ጊዜ…» ሲል
አራቱ ጎማ ከነዋጋው ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈና
አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።
ስክሪኑን አየ። እኔን አየኝ። «ፈጠነሳ» አለ፤
ካርዱን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ታሪኩም አብሮ ሊገባ ተንጠለጠለ።

ትናንት ማታ ብቻዬን ያጨበጨብኩት እኔ፣
ስክሪኑን ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ መለስኩት በክርኔ።
«አይ፣ ይሄ የቆየ ዋጋ ነው፤ አዲሱን ገና እየፈለገ ነው» አልኩ፤
ጠቋሚዋን ባዶው ገጽ ላይ፣ ያ ያልተረገጠው በረዶ ላይ፣ ዝም ብዬ በእጄ አዞርኩ፣
ዞር፣
ዞር።

ከመኪና ሥር ምንተስኖት «አላገኘህም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።
«ገና!»
ኦረስት ክርኑን መልሶ ባንኮኒው ላይ አሳረፈ፤ ከጫማው በረዶ ይንጠባጠባል።
«በሩን የከፈተው» አለ፣ «ወንድሜ አልነበረም።»