የዴቃ ሎሚ

መብራት ጠፋ።
ቬንቲሌተሩ ሦስት ዙር በድካም ዞረና ቆመ፣
የከዚራ ዛፍ እንኳ ቅጠሉን ሰብስቦ አዘመመ።
ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ግቢ ወጣ፤
«አቦ ይሄ መብራት!» አለ አንዱ። «ይመጣል» አለ ሌላው።
ቀረ። ንጋት መጣ።

እኔ የምነሳው ሙቀቱ ሳይነሳ ነው፤
ከገንደ ቆሬ እስከ ቀፊራ፣ ጋሪዬ ብቻውን የሚያውቀው
መንገድ አለው። ሳላንኳኳ በሩ ይከፈታል፣
የየቤቱ ጓዳ ከነምስጢሩ በከረጢት ይወጣል።

ቆሻሻ አይዋሽም።
የሐብሐብ ልጣጭ ሲበዛ እንግዳ አድሯል ማለት ነው፤
ገራባው ሲቀንስ ጌታው ጫት ትቷል፣ ወይ ገንዘቡ ነው የተወው፤
የማንጎ ፍሬ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤
ከሽንኩርት ጋር የተቀደደ ደብዳቤ… እሱን አላነበብኩም ልበል።

ድሮ ይሄን ሁሉ ደቻቱ ደረቅ ሆድ ውስጥ እንደፋው ነበር፤
ክረምት ሲገባ ወንዙ ቀን ቆጥሮ ይመልስልናል፣ ብድር በምድር።

አሁን ሁለት ጆንያ አለኝ፤ የሚበሰብስ በዚህ፣ የማይበሰብስ በዚያ።
ይሄን እስካስለምድ ስንት ስድብ ጠጣሁ፣ ስንት «ወግድ አንተ ዋርያ!»
ሐጂ ቡሽራ ሳቁብኝ፦ «ከልጣጭ መብራት? ወላሂ፣ ለፍየሌ ንገራት!
የሷን ቁርስ ወስደህ ነው ወይ አምፖል የምታበራላት?»
እኔም ፍየሏን አየሁ፤ ፍየሏም እኔን አየች፤
አንድ ጭብጥ ገራባ ጉቦ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ
እስከ መታጠፊያው ትሸኘኛለች።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐዲዱ ዝጎ በቀረበት ሜዳ
ትልቅ ጋን ተቀብሯል፤ ልጣጭ የሚበላ፣ እሳት የሚያገሳ፣ የማይጠግብ እንግዳ።
የአባቴ አባት የባቡር እሳት ቀላቢ ነበሩ፣
ከሰል በአካፋ እያጎረሱት እስከ ጅቡቲ አብረውት የሚበሩ።
«ባቡር» ይሉ ነበር አሉ፣ «ሳይበላ አይሄድም»።
እኔም ቀላቢ ነኝ። የኔው ግን ከሰል አይወድም፤
የትናንት ወጥ ይወዳል፣ የፓፓያ ዘር፣ የሻገተ ዳቦ፣
የቀፊራን ቲማቲም፣ የፈነዳውን፣ ከየመደቡ ተሰብስቦ።

የዴቃ ቤት ግን፣ ከሐዲዱ ጥግ፣ ቆሻሻ የለውም፤
ትርፍ ከማያውቅ ድስት ትራፊ አይወጣም።
ባልፋት ታፍራለች፤ ብቆምባት እኔ አፍራለሁ።
ረቡዕ ረቡዕ ግን፣ ስታስል፣ ደጇ ላይ አገኛታለሁ፤
በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ሳሏን በሻይ ያታለለችባት፣ የተጨመቀች ግማሽ ሎሚ፦
«ይቺንም ጻፋት» ትለኛለች፣ «ዛሬ ሰጪ፣ ነገ ተጠቃሚ»።
አልሳቅሁም። ከሐጂ ቡሽራ ሐብሐብ፣ ከሆቴሉ ሩዝ በላይ አኖርኳት፣
መዝገቡ ላይም «ዴቃ፣ አንድ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኳት።
ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክም፣ ለሃምሳው ጌጥ ነው ይባላል፤
አንዷ ሎሚ ለአንዷ ሴት ምኗ እንደሆነች ግን
ተረቱ ዝም ይላል።

የሙከራው ማታ መሐንዲሷ ትርሲት ላቧን እየጠረገች
«ለሦስት ምሰሶ ብቻ ነው፤ ከተማውን አይችልም» አለች።
ሞተሩ ሳለ፣ አጉረመረመ፤ ሽታውን ሁላችን አወቅነው፤
የየቤታችን ምሳ ነው።
ከዚያ አምፖሉ ቀላ፣ ጠፋ፣ ቀላ፣ ነጣ፤
የእሳት እራት ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከሁላችን ቀድሞ መጣ።
ሐጂ ቡሽራ «ወላሂ» አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ፤
ልጆቹ ከጥላቸው ጋር ገቡ፣ ለኳስ ጨዋታ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። መካከለኛዋ አምፖል ድንገት ተርገበገበች፤
ዴቃ ከደጇ ላይ፣ በሳሏ መሐል፣ ጣቷን ቀሰረች፦
«አየሃት? ያቺ፣ ያቺ የኔዋ ሎሚ ነች!»
ማንም አልሳቀም።
ፍየሏ ብቻ አንድ ጊዜ አነጠሰች።