የአሥራ አምስት ብር ጎሚኒ

ጠብ ትላለች ሌሊት፣ ጠብ ትላለች ቀን፣
የኩሽናው ቧንቧ፣ እንቅልፍ የነሳችን።
"ጎሚኒ ነው" አልኩኝ፣ "ጎሚኒ ብቻ ነው፣
አሥራ አምስት ብር ነው፣ ቅዳሜ ልቀይረው።"
ማስተዋል ዝም አለች፤ ሚስቴ ናት፣ ታውቃለች፤
ከጠብታዋ ሥር ባልዲ ደቀነች።

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ከሕንፃ ዕቃ ሱቅ፣
ገዝቼ ተመለስኩ፣ በዋጋዋ ስስቅ፤
ከሸሚዜ ኪስ ከትቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣
መፍቻ ተውሼ፣ ቧንቧዋን ቀርቤ፣
አንድ ዙር አዞርኳት። እሺ አለች። ደገምኩ።
ቀጭ።
አንገቷ ከግድግዳው ቀረ፤ ራሷን ይዤ ቆምኩ።

የሮቶው መዝጊያማ ከዝገት ጋር ተጋብቷል፤
በመፍቻም አይፈታ፣ በሽማግሌም፣ ጸንቷል።
በሳምንት አንድ ሌሊት ውሃ የሚያይ ሰፈር፣
የሳምንት ውሃችን ጎረፈ ያለ ፈር።
ከሥራችን ያሉት ወይዘሮ በላይነሽ
መጡ በር ደብድበው፦ "ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ?
ጣራዬ ያለቅሳል!"

ምትኩ ተጠራ። ስም ያወጣችለት እናቱ አውቃ ኖሯል፤
እጁ የነካውን ሁሉ በሌላ መተካት ይወዳል።
ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እንደ ሐኪም፣
"ትንሽ ነው" አለና፣ "ግን እዚህ አያቆምም።"

"ግን" የምትባል ቃል ስንት ብር ታወጣለች?
አንድ ሴራሚክ ብላ አሥራ ሁለት አወረደች፤
ሲንኩን ነቀለችው፤ ቁምሳጥን አሰደደች፤
ሦስት ሜትር ፒፒአር፣ አራት ኤልቦ፣ ቴፍሎን፣
ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ፣ በባጃጅ አሸዋ፣ እና ሌላ ግን።
እቁቤ ከቧንቧው ጋር ፈሰሰ፣ አለፈ፤
የበጸሎት ጫማ ለገና ተላለፈ።

በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ሆድ ተገኘ ምስጢሩ፤
ሁለት ቧንቧ፣ ሳይገጣጠሙ፣ በከመነዳሪ ታስረው ነበሩ።
ዕጣ ሲወጣልን እልል ያልንለት ቤት
በጎማ ቁራጭ ቆሟል፣ በአንድ ሰው ጥድፊያ፣ በአንድ ከሰዓት።
ምትኩ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ተውኩት።
ማን ያውቃል፣ ልጁ የቀን አበሉን ሳያገኝ ይሆናል የቋጠራት፤
ደግሞም እኮ ዘጠኝ ዓመት
ጠብ ሳትል ይዛ ነበር፣
የእኔ መፍቻ እስክትመጣ ድረስ።

አሁን ኩሽናው ያምራል። ማለቴ፣ ግማሹ ያምራል፤
የድሮው ሴራሚክ ከገበያ ጠፍቶ፣ ወዲህ ነጭ፣ ወዲያ አረንጓዴ ሆኗል።
ሐሙስ ሌሊት ውሃ መጣች። አላንጠባጠበችም።
ማስተዋል ግን ባልዲዋን ከሥሩ አላነሳችም።

ዛሬ ልብስ ስታጥብ ጠራችኝ፦ "ና፣ ይህን እይ"፤
ከሸሚዜ ኪስ አውጥታ፣ በእርጥብ መዳፏ ላይ፣
ጥቁር፣ ትንሽ ቀለበት፣
ጭቃ ያልነካት፣ መፍቻ ያልነካት።
እንደምትስቅብኝ ጠበቅሁ።
ጣቷ ላይ ሞከረቻት፤ ሰፋቻት።
መልሳ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ፣ ከሳሙናው ጎን አኖረቻት።