ያዝ ለቀቅ

ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ካንሞር ዋናው መንገድ፣
ጫማ ልገዛ ገባሁ፣ ለተራራ መውረድ።
ቅልጥሜ ላይ ሦስት ጭረት፣ ገና ያልደረቁ፣
የፔዳሌ ብሎኖች ትናንት ያረቀቁ።

የሩጫ ጫማዬን እኔ አልወቅሰውም፤
አስፋልት ላይ ነው ያደገ፣ የጥድ ሥር አያውቅም።
ዝናብ ያራሰው ሥር ጎማዬን ሲያነጥረው፣
እግሬ ተንሸራቶ፣ ፔዳሉ ብቻውን ዞሮ
ቅልጥሜን አገኘው።

ባለሱቋ ሎሬይን ስልሳ ዓመት አልፏታል፤
"ምን ሆንሽ?" አላለችም፣ ሳነክስ አይታ ገብቷታል።
ሱሪዋን ሰብስባ ቅልጥሟን አሳየች፤
"ይቺ የዘጠና አንድ፣
ይቺ ደግሞ የሠርጌ ዋዜማ ነች፤
ይቺን አላስታውስም" አለች።

ደረደረችልኝ ጫማ በየዓይነቱን፣
ሶሉን እያጠፈች ነገረችኝ እውነቱን፦
"ይህ ለስላሳ ነው፤ መሬቱን ትሰሚያለሽ፣
የፔዳሉን ብሎን አንድ ባንድ ትቆጥሪያለሽ፤
ቁልቁለቱ ሲረዝም ግን እግርሽ ይዝላል።
ይሄኛው ደረቅ ነው፣ ጣትሽን ከድንጋይ ይከልላል፤
ግን እንደ ሳንቃ ነው፣ ወሬ አያቀብልም።
ሁሉን የሚያሟላ እስከ ዛሬ አልሸጥኩም።"

ሦስተኛው ላስቲኩ ሙጫ ነው፣ ጥቁር ሙጫ።
ለሙከራ ካቆመችው ፔዳል ላይ ወጣሁ፤
ረገጥኩት፣ ያዘኝ።
ተረከዜን ላስተካክል ብል፣ አንዲት ጣት ወደ ውጪ፣
እምቢ አለኝ።

ባሌ ትዝ አለኝ ያኔ። ይበልጣል ነው ስሙ።
እሱ ጫማውን ከፔዳሉ ይቆልፋል፣
ደስ ይለዋል "ቀጭ" ሲል፣ ብረትና ብረት ሲገጥሙ።
"አንቺም ቆልፊ እንጂ" ይለኛል ሁልጊዜ፣
"ያልተቆለፈ እግር ጉልበት ይበትናል።"
እውነቱን ነው።
ዳገት ላይ ይበልጣል።

ባለፈው ሰኞ ግን፣ ሐዲዱ ማቋረጫ፣ ቀይ መብራት ሲይዘው፣
ቁልፉን መፍታት ረሳ። ቆመ።
ጥቂት ተወዛወዘ። እንደ ግንድ፣ ቀስ ብሎ፣
ከነብስክሌቱ ተጋደመ።
ውሻ የምታንሸራሽር ሴት "ደህና ነህ?" ስትለው፣
"ደህና ነኝ፣ እያረፍኩ ነው" አላት፣
አንድ እግሩ እንደ ተቆለፈ ነው።
ሳምንት ሙሉ ሳቅኩ።
ሳልስቅ የቀረሁት ክርኑን ሳጥብለት ብቻ ነው።

"ያዝ ለቀቅ" ስድብ ነው እኛ ቤት።
አክስቴ ስለኔ ሲጠይቋት፣ "እሷ ያዝ ለቀቅ ናት።"
የሆቴል አንሶላ አጠብኩ፣ ተውኩት፤
የተማሪ አውቶቡስ ነዳሁ፣ ተውኩት፤
አሁን ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አነሣለሁ፣
እሱንም፣ እንግዲህ፣ አያለሁ።

አራተኛው ጫማ የሰናፍጭ ቀለም ነው፣ አስቀያሚ፣
የአምና ምርት፣ ዋጋው ዝቅ ያለ፣
ፊቱ ሰፊ፣ ለትንሿ ጣቴ እንኳ ቦታ ያላት።
መቶ አሥር ዶላር፤ የግማሽ ቀን ስልክ ማንሣት።
ረገጥኩት፣ ያዘኝ።
ላነሣ ስል፣ ለቀቀኝ።
እንደገና ያዘኝ።

ሎሬይን ሳጥኑን እየፈለገች፦
"ማሞቂያ ላይ አታድርቂው፣ ማጣበቂያው ይለቃል፤
ጋዜጣ ጠቅጥቂበት፣ እስኪነጋ ይደርቃል።
ስትወድቂ ደግሞ እግርሽ ቀድሞሽ ይውረድ፣
የቀረው ይታሰብበታል" አለች።

እሑድ፣ እዚያው ሥር ላይ፣ እዚያው ዝናብ ውስጥ፣
ጎማዬ ሸተት ሲል
እግሬ ጭቃው ላይ ነበር፣ እኔ ገና ሳልደነግጥ።
ቆምኩ። ሦስቱ እህትማማች ጫፎች ደመና ተከናንበዋል።
የይበልጣል የድብ ማባረሪያ ደወል
ከላይ፣ ከሩቅ፣ ይሰማል።
አልጠራሁትም።

ማታ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ፣
ድብ እንዳይከፍተው በብረት ወደ ተሠራው ገንዳ።
በመስኮት አየሁት፤
ከኔ ቢጫ ጫማ ጋዜጣውን አውጥቶ፣
እግሩን ሰክቶ፣ ተረከዙ ተርፎ፣
ገንዳውን ዘግቶ ቆመ፤
አንድ እግሩን አነሣ፣ አወረደ፣
ሌላውን ደግሞ።