ሐሞት ነው አልኳቸው

ሐሞት ነው አልኳቸው፤ ጠጠር ነበረበት።
ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ጎኔን ትራስ ደግፌበት፣
ውሸቴን እያጠፍኩ፣ እየዘመዘምኩ ሰፋሁት።
የክፍያው መንገድ ለስላሳ ነው፣ ምንም አላለኝ፤
ከፖስታ ቤት እቤቴ ያለው ኮብልስቶን ገደለኝ።
ባጃጁ በነጠረ ቁጥር እያንዳንዱ ድንጋይ
ስሜን ጠርቶ ወጋኝ፤
ልጁ በመስታወት አየኝና "ማዘር፣ ልቁም?" አለኝ።
"ንዳው" አልኩት። ከቆመ ማን ያስነሳኛል?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት
የዚህን ሰፈር ወገብ በሜትር አውቀዋለሁ፤
ያረገዘችውን፣ በሐዘን የከሳችውን፣
ሳትነግረኝ በፊት ከቀሚሷ አነባለሁ።
ለሰው ወገብ አውጥቼ፣
ለራሴ ከሦስተኛው ልጅ ወዲህ ከረጢት ሰፍቼ፣
ከደንበኛ መስታወት ጎን፣ አፌን በስፒል ሞልቼ፣
ስንት ዓመት ቆምኩ ፊቴን ለግድግዳው ሰጥቼ።
ዕቁቡ ሲወጣልኝ ለአዲስ ሲንጀር ነበር ያልኩት፤
በሁለት ሰዓት ተኩል ከጎኔ አስቀዳሁበት።

አሁን ሚያዝያ ነው። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል፤
እኔ ከጡቴ ሥር እስከ ጉልበቴ
በመጨመቂያ ልብስ ታሽጌ እንፋሎቴ ይወጣል።
ሠላሳ ሁለት መንጠቆ።
ባለሙያ አልሰፋውም፤ ጠርዙ ቆዳ ይበላል።
እዚያ ጉብታ ላይ የነፋስ መዘውሮቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤
የማንን ነፋስ እንደሚበሉ እንጃ፣
እኔ ቤትስ አልደረሰም።

ቁስል ቢሆን አውቀው ነበር፣ ይህ ግን ሌላ ነው፤
ሙቀጫ ገብቶ የተመለሰ ገላ ነው።
ጎኔ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ እንደ ቀይ ሥር ሆነ፣
ዛሬ ደግሞ ቀን እንዳለፈበት ማንጎ፣
ቢጫ፣ ከነነጠብጣቡ።
ከቀዳዳዎቹ ቀላ ያለ ውሃ ይወርዳል፤
ፌስታል አንጥፌ እተኛለሁ፣ ስገላበጥ ይንኮሻኮሻል።
እምብርቴን ብነካው ዝም፤
የማላውቀው ሰው ሆድ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሜትሬን አወጣሁ።
ከመግባቴ በፊት መቶ አራት፤ አሁን መቶ ዘጠኝ።
"እብጠት ነው፣ ሦስት ወር ታገሺ" አለ ሐኪሙ በስልክ፤
"ባትሽ ካበጠ ግን፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እንዳታድሪ።"
ይኸው ሌሊት ሌሊት ባቴን እለካለሁ በስልኬ መብራት፤
ግራው ሠላሳ ስምንት፣
ቀኙ ሠላሳ ስምንት ተኩል።
ለዚያች ተኩል ስል ነጋ።

ጎረቤቴ ጨዋ ነው። ብርቱካን ይዘው መጡ፣
"እግዜር ይማርሽ" አሉ፣
ለሐሞት አይስማማም ብለው
ቅቤ የሌለው ሾርባ በየተራ አመላለሱ።
ወይዘሮ ብርቄ ለገብርኤል ጥላ ተሳለችልኝ።
ጥላ! ለስብ!
አቀርቅሬ ሾርባዬን ጠጣሁ።

አዴ ዲንቄ ግን አምና እውነተኛ ሐሞት ያስወጣች ናት።
በሩን ዘጋች፣ ቀሚሷን ገለጠች፤
አራት ጠባሳ፣ ምስር ምስር የሚያካክሉ።
"ያንቺንስ? እንተያይ" አለች።
ምን ልበል? ገለጥኩ።
በጣቷ ቆጠረች፤ ሁለት ከታፋ በላይ፣ ሁለት ከጎን፣
አንድ እምብርት ውስጥ።
አዞረችኝ፤ ጀርባዬ ላይ ሌላ ሁለት።
ሰባት ላይ ዝም አለች።
በቃ፣ ሰፈሩ ሰማ ስል፣
"አንቺ" አለችኝ፣ "ሐሞትሽስ አልወጣም፤ እዚያው አለ።"
ሳቄ መጣ። ሳቅ ደግሞ ከማስነጠስ ይብሳል፤
ትራሱን ታቅፌ ሳቅሁ፣ እንባዬም አብሮ።

ከዚያ መንጠቆውን ከታች ጀምራ ቆለፈችልኝ፣
ትንፋሼን እየጠበቀች፣ አንድ በአንድ።
አሥራ ዘጠነኛው ላይ እጇ ቆመ።
"እዚህ ጋ ጠጥሯል። ያምሻል?"
"አያመኝም" አልኳት። "እዚያ ጋ ምንም አይሰማኝም።"
ሃያኛውን ሳትቆልፍ
ስልኬን አቀበለችኝ።