አድራሻዎን ይንገሩኝ

ዐሥራ አንድ ዓመት ሜርሌ ጆሮዋን ለሰው ጭንቅ አከራየች፤
የታርቱን እሳት፣ የታርቱን ደም፣ ሌሊት በስልክ ሰማች።
«አድራሻዎን ይንገሩኝ። አይዝጉት። አለሁ።» ስትል ነጋ፤
አምቡላንሱ ሄደ፤ እሷ ቀረች እዚያው ከወንበሯ ጋ።
የዳነው ዳነ፤ ያልዳነውን ማን ይነግራታል?
መስመሩ ሲቋረጥ ታሪኩም ይቋረጣል።

ኋላ ቤቷም ይጮህ ጀመር።
የማቀዝቀዣው እምምታ፣ የጎረቤት በር፣
ማንኪያ ሲወድቅ፣ ሊፍት ሲቆም፣
ሁሉም ይጠራታል፤ አንዱም ለደግ አይደለም።
እንቅልፍ ከደጇ ደርሶ ይመለሳል፤
እንደ ባለ ዕዳ፣ ሰው እንዳያየው ያጎነብሳል።

አጎቷ ኤንደል ነገር አያበዛም።
በሚያዝያ አንድ ማለዳ «ቦቲሽን አድርጊ» አላት፤ ሌላ አላለም።
የሳንቃው መንገድ በረግረጉ ላይ ይሄዳል፤
እግር ሲያርፍበት ውሃው ከሥር ያጉረመርማል።

መጀመሪያ ዝምታው አስፈራት።
ዝምታ፣ በሷ ሙያ፣ ደዋዩ የወደቀበት ሰዓት።
ቆማ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ዐሥራ ሰባት።
ከጥዱ ሽበት ላይ የቀለጠ በረዶ፣ ጠብታ።
ደግሞ ጠብ። ደግሞ ቆይታ።
ደግሞ ከጥቁሩ ውሃ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣
የተደፈቀ ጠርሙስ አየሩን እንደሚለቅ፤
አንድ እንቁራሪት፣ ቀጥሎ መቶ።
ወንዶቹ ናቸው፤ ለፍቅር ብለው ሰማያዊ የለበሱ፣
ለጥቂት ቀን ብቻ፤ ኋላ ወደ ጭቃ መልካቸው የሚመለሱ።

አፏ ቀደማት፤
«አድራሻዎን ይንገሩኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደለመደባት።
ኤንደል ዞር አላለም። እንቁራሪቱ ለአፍታ ዝም አለ፤
ከዚያ የራሱን ጉዳይ ቀጠለ።

ማንም እርዳታ አልጠየቀም።
መቶ ጉሮሮ ሲጮህ፣ አንዱም «ድረሺልኝ» አላለም።
ሳንቃው ላይ ተቀመጠች። ሱሪዋ ራሰ።
ከጆሮዋ ሥር ተሰቅሎ የኖረው ትከሻ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።
አለቀሰች? አላውቅም፤ ኤንደል እንደሁ አይናገር፤
አንድ ግንደ ቆርቁር ነበረ፤ እሱን መጠየቅ ነበር።

ዳነች አልልም። ያ ባለ ዕዳ ያን ሌሊት መጣ፤
አራት ሰዓት ከፈለና ቀሪውን ይዞ ወጣ።

ሰኞ ወንበሯ ላይ ናት። ስልኩ ይጠራል።
ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፤ ልቧ ግን አንድ ጠብታ ይቆያል፣
ከጥዱ ጫፍ እስከ ውሃው ድረስ የሚወርደውን ያህል።
ከዚያ ታነሳለች።
«አለሁ» ትላለች።
አለችም።